መሬቱ በሄክታር፣ መግቢያው በኪሎ ሜትር

ርስት ለወንድማማቾች በዕጣ ሲከፈል፣ ለአንደኛው የወጣችው ቁራሽ ማሳ በሌሎቹ ድርሻ መካከል ተከባ ብትገኝ፣ ነገር ዐዋቂ ሽማግሌ የማሳውን ስፋትና የአፈሩን ልምላሜ ከመመርመሩ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «በሬው በየት በኩል ይገባል?» የሚለው ነው። መግቢያ የሌለው መሬት ከስሙ በቀር ለባለቤቱ የሚያተርፍለት የለምና፤ ዘር የማይደርስበት እርሻ፣ አዝመራው የማይወጣበት ማሳ፣ ርስት ተብሎ ቢጠራ ጥሪው ከንቱ ነው። ይህን የቆየ የአገር ማስተዋል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከሌላው ዓለም የሕግ ትምህርት ጋራ አስማምቶ ተቀብሎታል፤ ወደ አደባባይ መንገድ የሚያወጣው መተላለፊያ ያጣ ባለ መሬት፣ ለሚያደርሰው ጉዳት ኪሣራ እየከፈለ በጎረቤቱ መሬት ላይ መንገድ እንዲሰጠው ለመጠየቅ የቻለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገር ግን መሬቲቱን የከበባት የመንግሥት ጫካ የሆነ እንደ ሆነ፣ የሚገባባትም በነዳጅ የሚነዳ መኪና የሆነ እንደ ሆነ፣ የሽማግሌው ጥያቄ ያን ያህል በቀላሉ አይመለስም። በሬ በሄደበት ፈለግ ላይ ሣር በክረምቱ መልሶ ይበቅላል፤ መኪና የገባበት ፍኖት ግን ዛፍ ያስቆርጣል፣ ድልድይ ያሠራል፣ ገበያ ይተክላል፣ ከባለ ፈቃዱም ኋላ ፈቃድ የሌለውን ሁሉ ያስከትላል። ስለዚህ በጫካ ለተከበበ ሰው የሚሰጠው መሬት በሄክታር ተለክቶ በወረቀት ላይ ሲሰፍር፣ መግቢያው ግን በኪሎ ሜትር የሚለካ፣ ብዙ ጊዜም በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ሌላ ስጦታ ሆኖ ይገኛል። የምዕራቡን ቆላችን ታሪክ ላስተዋለው ሰው፣ አገሩን የለወጠው የተሰጠው መሬት ሳይሆን ይህ ያልተጻፈው መግቢያ መሆኑን ለማወቅ አያዳግተውም። ለዚህም ምስክር የምትሆነን በጋምቤላ ክልል በአኙዋ ዞን የምትገኘው ዲማ ናት።

ዲማ በአስተዳደር የጋምቤላ ትሁን እንጂ የመኪና ፍኖቷ የሚወርደው ከቤንች አገር፣ ከሚዛን ተፈሪ ነው። ከሚዛን የተነሣ መንገደኛ በበበቃ የቡና እርሻ በኩል አልፎ ጉራፈርዳን ሲያቋርጥ፣ በመጀመሪያ ቀረሮና ዋንዛ ሰማዩን የጋረዱበትን፣ ከሥራቸውም ቡናው ከጥንት ጀምሮ በገዛ ፈቃዱ የሚበቅልበትን ጥቅጥቅ ደን ያገኛል። ቁልቁል በወረደ ቁጥር ደኑ እየሳሳ፣ ሙቀቱ እየበረታ፣ ሽመሉ እየበዛ ይሄድና፣ በመጨረሻው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር በበጋ እሳት የሚነድበት፣ በክረምት ደግሞ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ይቀበለዋል። በዚህ ሜዳ ጫፍ የአኮቦ ወንዝ ወደ ምዕራብ ይፈሳል፤ እርሱም ወርዶ ከፒቦር ይገናኛል፣ ፒቦርም ከባሮ ተቀላቅሎ ሶባት በሚል ስም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል።

የዚህ አገር ጠባይ ለበቅሎ የሚመች አልነበረም። በደጋው ነጋዴ ዘንድ በቅሎና አህያ የንግድ ሁሉ መሠረት ሲሆኑ፣ በቆላው ግን ገንዲ የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ዝንብ የጋማ ከብቱን እየፈጀች ጭነቱን በመንገድ ታስቀረው ነበር፤ አኙዋዎች የከብት ርቢን ትተው በወንዝ ዳር እርሻና በዓሣ የሚተዳደሩበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንግዲህ ከአቀበቱ በታች የነበረው መጓጓዣ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንደኛው የሰው ትከሻ፣ ሁለተኛው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራው ታንኳ። በሞተር የሚሄድ ነገር ለደጋው ሰው ምቾት ሆኖ ሲመጣለት፣ ለቆላው ሰው ግን የመጀመሪያው ከባድ ሸክም የሚችል ከብት ሆኖ የመጣው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ አገሩ መንገድ አልባ ነበር ማለት አይደለም። አኙዋዎች የክረምቱ ሙላት ሲሸሽ በለም ደለል ላይ በቆሎና ማሽላ እየዘሩ በወንዞቹ ዳር መንደር መሥርተው ሲኖሩ፣ ከመንደር ወደ መንደር የሚያደርስ የእግር መንገድ ነበራቸው። ወደ ደጋው ጥግ የሚኖሩት መዠንግሮችም ቀፏቸውን በረዣዥም ዛፎች ላይ ሰቅለው፣ የትኛው ጫካ የየትኛው ጎሣ እንደ ሆነ ያለ ድንበር ድንጋይ ለይተው ያውቁ ነበር። ከአኮቦ ወዲያ ያሉት ሱሪዎች ደግሞ ከብቶቻቸውን እየነዱ በበጋና በክረምት የሚመላለሱበት ፈለግ ነበራቸው። ይህ ሁሉ መንገድ አንድ ጠባይ ነበረው፤ የሚያውቀው ሰው ብቻ ይሄድበታል፣ ያልታወቀ እንግዳ ግን ያለ መሪ አንድ ቀን እንኳ አይሄድበትም። ጫካው ራሱ በር ጠባቂ ነበረና ሌላ ዘበኛ አላስፈለገም።

ይህን በር በጽሑፍ የከፈተው ውል ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል፣ በመልእክተኛው በጆን ሌን ሃሪንግተን አማካይነት የተፈረመው የወሰን ውል ነው። በውሉ መሠረት በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ በኩል የሚያልፈው መሥመር የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር ሲሆን፣ የዲማ ምድርም እስከዚያ ጊዜ ድረስ የመሻገሪያ ውሃ ብቻ የነበረው አኮቦ የመንግሥታት ዳርቻ ሆኖባት ቀረ። ለእኛ ነገር ግን ከወሰኑ ይልቅ የሚያስደንቀው የውሉ አራተኛ አንቀጽ ነው። በዚህ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ፊቱ ከ2000 ሜትር ያልበለጠ፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ፤ ቦታው የንግድ ጣቢያ ብቻ እንዲሆን፣ ለፖለቲካና ለጦር ሥራ እንዳይውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አገዛዝ ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ተጻፈ።

አራት መቶ ሄክታር ለአንድ ታላቅ መንግሥት ምን ያህል ነው? በደጋ አገር የአንድ መካከለኛ ባላባት ርስት እንኳ ሊበልጠው ይችላል። ነገር ግን የውሉ ጸሐፊዎች የወንዙን ፊት ለይተው በሜትር የለኩት አለ ምክንያት አልነበረም፤ የቦታው ዋጋ ያለው በአፈሩ ላይ ሳይሆን በወንዙ ላይ መሆኑን ዐውቀው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጣቢያው ከኢታንግ ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ ዛሬ የክልሉ ርእሰ ከተማ በሆነችው በጋምቤላ ሲቆም፣ በክረምት ወራት ባሮ በሞላ ጊዜ በእንፋሎት የሚነዱ መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው፣ ነጭ ዓባይንና ሶባትን ተከትለው እስከዚያ ድረስ ይወጡ ጀመር። ጨርቅና ጨው አራግፈው ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሱ ነበር። ውሃው ሲቀንስ መርከቡም ይቀራል፤ ጣቢያዪቱም እስከሚመጣው ክረምት ድረስ በጫካና በሣር ተከባ እንደ ደሴት ትቀመጣለች።

ይህ እንግዲህ በምዕራቡ አገራችን፣ በሌላ ግዛት ለተከበበ የኪራይ መሬት በሞተር የሚገባበት መብት የተሰጠበት የመጀመሪያው ታላቅ ምሳሌ ነው። ምሳሌው የሚያስተምረንም ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አራት መቶ ሄክታር ለመጠቀም ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የወንዝ ፍኖት ማስፈለጉ፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ ከወደቡ ወደ ላይ ያለው መንገድ ከመርከቡ ጋራ አብሮ መለወጡ ነው። መርከብ ያመጣውን ጭነት ወደ ቡሬና ወደ ጎሬ የሚያወጣ፣ ከዚያም የቡናውን ጆንያ ወደ ወደቡ የሚያወርድ የበቅሎና የተሸካሚ ሰልፍ ስላስፈለገ፣ ከኢሉባቦር ደጋ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው አቀበትና ቁልቁለት በአጭር ዘመን የአገሪቱ ታላቅ የንግድ በር ሆነ። በአንዱ ቦታ የተከፈተው መግቢያ ሌላ መግቢያ ወለደ፤ ውሉ ግን ስለ ሁለተኛው መግቢያ ብዙም አልተናገረም።

የውሉ አምስተኛ አንቀጽ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነገር አስቦ ነበር። ሱዳንን ከዩጋንዳ ጋራ የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ለመዘርጋት እንግሊዞች ፈቃድ ተሰጥቷቸዋል፤ መሥመሩም በሁለቱ ወገኖች ስምምነት እንዲመረጥ ተወስኗል። ሐዲዱ ሳይዘረጋ ቀረ፤ ከካርታ ወደ መሬት አልወረደም። ቢዘረጋ ኖሮ በዚህ በምዕራቡ ዳርቻ ላይ አልፎ፣ የአኮቦ ጫካ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የባቡር ፉጨት የሚሰማበት አገር በሆነ ነበር። ይህ ያልተፈጸመ አንቀጽ የሚያስታውሰን፣ ጫካው ለረጅም ዘመን የተጠበቀው ጠባቂ ስላገኘ ሳይሆን ገንዘብና ጊዜ ስላነሡ መሆኑን ነው።

ወደ ደጋው ስንመለስ፣ መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ባመጣው መኪና ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ሲሄዱ ሕዝቡ እንዴት እንደ ተደነቀ በየመጽሐፉ ተጽፏል። ነገር ግን መኪና ያለ መንገድ ጌጥ ነው፤ የመንገዱም ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ በጽኑ መሠረት የቆመው ከጣሊያን ጦርነት በኋላ፣ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ሲቋቋም ነው። በዚያው ዘመን የጋምቤላም ነገር ተለወጠ። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን በውሉ ቃል መሠረት አበቃ፤ በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያም ጣቢያዪቱ ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰች። ድንኳኑ እንደ ተነቀለበት ገበያ ንግዷ እየቀዘቀዘ፣ የአገሩ ቡና በየብስ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። በውሃ የተከፈተው በር የመኪናው መንገድ ከሌላ አቅጣጫ በመጣ ጊዜ ተዘጋ።

በዚህ ዘመን ግን ከመርከቡ ይልቅ ለጫካው ሰዎች የሚበልጥ ነገር በወረቀት ላይ ተፈጽሞ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በማንም ሰው ስም ያልተያዘውን ንብረት፣ ደኖችን ሁሉ፣ የግጦሽ መሬቶችን፣ ወንዞችንና ከመሬት በታች ያለውን ሀብት የመንግሥት ግዛት አደረገ። ከዚያም በ1957 ዓ.ም. ሦስት የደን ዐዋጆች ተከታትለው ወጡ፤ አንዱ ስለ መንግሥት ደን፣ አንዱ ስለ ግል ደን፣ አንዱም አፈርና ውሃ ስለሚጠብቅ ደን ደነገጉ። ሕጉ በአዲስ አበባ ለሚያነበው ሰው ደግ ሕግ ነው፤ ደኑ ባለቤት እንዳያጣና እንዳይጠፋ የታሰበ ነው። ለመዠንግርና ለአኙዋ ግን ትርጓሜው ሌላ ነበር፤ እርሱ ቀፎውንና እርሻውን ከአያቶቹ ወርሶ የሚኖርበት ጫካ በስሙ የተመዘገበ አልነበረምና። ስለዚህ ከመንደሩ አንድ እርምጃ ሳይንቀሳቀስ፣ አንድ ቀን ጧት በመንግሥት ጫካ መካከል የተከበበ ሰው ሆኖ አደረ። ይህን የመሰለ መከበብ በሽማግሌው ጥያቄ ውስጥ አልነበረም፤ በሬው በየት ይገባል ተብሎ ሳይጠየቅ፣ ሰውየው ራሱ በየት እንደ ገባ የሚጠየቅበት ዘመን መጣ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት የሆነበት ዐዋጅ ሲወጣ፣ የግል ርስት የሚባለው ነገር በሕግ ፊት አለቀ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውም ሕገ መንግሥት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝቦች መሆኑን አጽንቶታል። እንግዲህ «በመንግሥት ጫካ የተከበበ የግል መሬት» ብለን በዛሬው ኢትዮጵያ ስንናገር፣ ቃሉ በአንድምታ ይተረጎማል፤ አንድም ገበሬው ወይም አኙዋው በባህልና በይዞታ የሚኖርበት መሬት ነው፤ አንድም ባለ ሀብቱ በኪራይ ውል ወይም በማዕድን ፈቃድ ለተወሰነ ዘመን የተቀበለው መሬት ነው። ሁለቱም በጫካ ተከብበዋል፤ ነገር ግን መኪናው ወደ ሁለተኛው ሲገባ ታሪክ አየን እንጂ ወደ መጀመሪያው ሲገባ ብዙ አላየንም።

ለዲማ መኪናውን ያመጣላት በመጀመሪያ ወርቅም ቡናም አልነበረም፤ የሰው መከራ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የሱዳን ሁለተኛው የርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ከደቡብ ሱዳን የተሰደደው ሕዝብ ወደ ጋምቤላ ምድር ፈለሰ፤ በኢታንግና በፉኝዶ እንደ ሆነው ሁሉ በዲማም የስደተኞች ሰፈር ቆመ። በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ነፍስ በአንድ የቆላ መንደር ሲሰፍር፣ እህሉና መድኃኒቱ በትከሻ የሚደርስ አይደለም፤ ስለዚህ ከሚዛን የሚወርደው መንገድ ከባድ መኪና የሚችል እንዲሆን ግድ ሆነ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በሆነ ጊዜ ስደተኛው ተበተነ፤ በኋላም ሌሎች መጡ፤ በቅርቡም ዘመን በዲማ አጠገብ በኦኩጉ አዲስ ሰፈር ተከፍቷል። መንገዱ ግን ስደተኛው በመጣና በሄደ ቁጥር አልተዘጋም። ለምሕረት ተብሎ የተጠረገ ፍኖት ምሕረቱ ሲያልቅ ለንግድ ሥራ ይውላልና።

የንግዱ ሥር ወርቅ ነው። በአኮቦና በገባሮቹ ወንዝ ደለል ውስጥ ወርቅ መኖሩን ቆፋሪው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጉድጓድ ቆፍሮ አፈሩን አውጥቶ፣ በገበቴ እያሽከረከረ ድንጋዩን ከአሸዋው፣ አሸዋውን ከወርቁ ይለያል። ሥራው በእጅ ነው፣ ገበያው ግን በመንገድ ነው። ከስደተኞቹ ዘመን ጀምሮ የዲማ የወርቅ ገበያ ሲደራ፣ ከብት ብቻ ያውቁ የነበሩት ሱሪዎች እንኳ ወርቅ ማጠብ ተምረው፣ በግራም እየሸጡ በገንዘቡ ጠመንጃ ይገዙ ጀመር፤ ቀድሞ በጦርና በበትር ይካሄድ የነበረው የከብት ግጭትም በጥይት የሚካሄድ ሆነ። መንገድ ያመጣውን መልካም ነገር ሁሉ ለሚቆጥር ሰው፣ ይህን ከቁጥሩ ቢያስቀረው ፍርዱ ጎደሎ ይሆንበታል።

ከእጅ ቆፋሪው ቀጥሎ የመጣው ኩባንያ ነው። በማዕድን ሕጋችን መሠረት ከመሬት በታች ያለው ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ ፈቃድ ያገኘ ሰው ግን በተወሰነለት ቦታ ገብቶ የመመርመርና የማውጣት፣ ለሥራውም የሚያስፈልገውን ግንባታ የማድረግ መብት ይሰጠዋል። በዲማ ወረዳ በሰገሌ የወርቅ ሥራ የጀመረው፣ አክሲዮኑ በኖርዌይ ገበያ የሚሸጠው አኮቦ ሚኒራልስ የተባለው ኩባንያ የያዘው የማምረቻ ፈቃድ 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በሄክታር ብንለውጠው አንድ ሺሕ ስድስት መቶ ይሆናል፤ የጥንቱን የጋምቤላ ጣቢያ አራት እጥፍ ማለት ነው። እዚህም የቀድሞው ነገር ተደገመ። ፈቃዱ የተጻፈው በካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ መፍጫው፣ ነዳጁና ቆፋሪው መኪና እዚያ እንዲደርሱ ግን ከሚዛን ጀምሮ ያለው ደን፣ ድልድይና ጭቃ ሁሉ ሥራ ላይ መዋል አለበት።

በደኑ ራሱ መካከል ያለው ነገር ከወርቁም የበለጠ ክርክር አስነሥቷል። በመዠንግር ዞን በጎደሬ ወረዳ 3,012 ሄክታር መሬት ለሻይ ተክል ለአንድ የሕንድ ባለ ሀብቶች ኩባንያ በ2002 ዓ.ም. ለ50 ዓመት በኪራይ ሲሰጥ፣ የአካባቢው ሰዎች ጫካው የኑሯቸው መሠረት መሆኑን በመግለጽ ተቃውመው ነበር፤ በጊዜው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ነገሩ እንዲታሰብበት በደብዳቤ ጠይቀው ነበር። በዲማ መንገድ ላይ ያለችው በበቃም፣ አሥር ሺሕ ሄክታር ያህል የሚሸፍን የቡና እርሻ ሆና በመጀመሪያ በመንግሥት እጅ፣ በኋላም ወደ ግል ተዛውራ ስትሠራ፣ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት የሠራተኛና የጭነት መኪና መግቢያ ነበር። የእርሻው አጥር ተክሉን ያጥራል፤ መንገዱን ግን የሚያጥር አጥር የለም። ሰፋሪው፣ ግንድ ቆራጩ፣ ከሰል አክሳዩ፣ ሞተር ሳይክል ነጂውም በተጠረገው መንገድ ተከትሎ ይገባል፤ ከመንገዱም ግራና ቀኝ ጫካው የሚሳሳው እንዲህ እየሆነ ነው።

ይህን ስል መንገድን እንደ ኀጢአት ቆጥሬ የማወግዝ አንባቢው እንዳይመስለው እለምናለሁ። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ሌሊቱን ስትጓዝ አድራ ከጤና ጣቢያ ሳትደርስ ብትቀር፣ ጫካው ደህና መሆኑ ለልጇ ምን ይጠቅመዋል? ጨውና ሳሙና በደጋው ዋጋ የማይደርስለት የቆላ ሰው፣ ልጁን ትምህርት ቤት ለመላክ ሁለት ወንዝ የሚሻገር አባት፣ በመኪና መንገድ ላይ ያለው ክርክር ለከተማ ሰው የተተወ ቅንጦት ነው ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ የሚጠየቀው መንገድ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ሳይሆን፣ እስከ የት ይግባ፣ ለማንስ ይግባ የሚለው ነው። የታሪካችን ጉድለትም ይኸው ነው፤ ለመሬቱ ወሰን ስናበጅ ለመግቢያው ወሰን አላበጀንም።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዩናይትድ ስቴትስ፣ የሕዝብ ደን በሕግ መከለል በጀመረበት በ1891 እ.ኤ.አ.፣ አስቀድሞ የሰፈረ ሰው በደኑ መካከል ተከብቦ ይቀር ነበር፤ ስለዚህ በ1897 የወጣው ሕግ በክልሉ ውስጥ የሰፈሩ ሰዎች መግባትና መውጣት እንዳይከለከሉ ደነገገ። በ1964 የምድረ በዳ ሕግ ሲወጣ ደግሞ ባልተነካው ምድር ላይ መኪናና ሞተር እንዳይገባ ተከለከለ፤ በ1980 ለአላስካ በወጣው ሕግ ግን በብሔራዊ ደን መካከል መሬት ያለው ሰው ለአግባብ ያለው ጥቅም በቂ የሆነ መግቢያ እንዲሰጠው ተባለ። በዚያ አገር ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ አግባብ ያለውና በቂ የሚባለው እግር ነው ወይስ ፈረስ፣ የበጋ መንገድ ነው ወይስ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ እየተባለ በፍርድ ቤት ይከራከሩበታል። የእነርሱ ሕግ ግን ቢያንስ አንድ ነገር ለይቷል፤ መሬት መስጠትና መግቢያ መስጠት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸውን።

በእኛም አገር ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከፋና ያዩ፣ ቀጥሎም ሸካ፣ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የመዠንግር ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ሲመዘገቡ፣ የደኑ ምድር በሦስት ተከፍሏል፤ ምንም የማይነካው እምብርት፣ ቀጥሎ የሚከልለው መከለያ፣ በመጨረሻም ሰው እየሠራ የሚኖርበት መሸጋገሪያ። ይህን አከፋፈል ለመረዳት የውጭ አገር ትምህርት አያስፈልገንም፤ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የሚያውቅ ሰው ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቅድስቱንና መቅደሱን ያስታውሳል። ሦስቱም አንድ ቤት ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም ሰው እስከ ሁሉም ቦታ አይደርስም። ካህኑ በሚገባበት ቦታ ምእመኑ አይገባም፤ ምእመኑ ደግሞ ስላልገባ ከቤቱ ተባረረ አይባልም፤ በደረሰበት ቆሞ ይጸልያል፣ ያስቀድሳል፣ ይባረካል።

ከዚህም ጋራ አንድ የቆየ ልማዳችንን ማንሣት ይገባኛል። በበቅሎ የሚሄድ መንገደኛ፣ ባላገርም ሆነ መኳንንት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ከበቅሎው ወርዶ፣ ተሳልሞ፣ ደጁን በእግሩ ካለፈ በኋላ ብቻ ተመልሶ ይቀመጣል። በልማዱ ውስጥ ያለውን ጥበብ ልብ እንበል፤ መንገደኛው አልተከለከለም፣ መንገዱም አልተዘጋም፣ በቅሎውም አልተወረሰችም። የተጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚሸከመውን ኀይል ለጥቂት እርምጃ ትቶ በገዛ እግሩ እንዲሄድ። ስለዚህም በደጋው አገር ደኑ ሁሉ ለእርሻ ተመንጥሮ ባለቀበት ስፍራ፣ በየደብሩ ዙሪያ ያሉት ጽድና ወይራ እስከ ዛሬ እንደ አረንጓዴ ቅጽር ቆመዋል። ይህም የዲማ ነገር ተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ደኑ መሬቱን ከብቦታል፣ እዚህ እርሻው ደኑን ከብቦታል። የከበበው ማንም ይሁን፣ የተጠበቀው ግን መኪናውም በቅሎውም የሚወርዱበት ቦታ አስቀድሞ የታወቀበት ነው።

ምዕራፍ የሚለው ቃል በግእዝ ማረፊያ ማለት ነው፤ መንገደኛ ጭነቱን አውርዶ የሚያርፍበት ስፍራ። የምዕራቡ ቆላችን ታሪክ ግን ማረፊያ ያልተበጀለት ጉዞ ሆኖ ቆይቷል። የእንግሊዝ መርከብ ጋምቤላ ድረስ መጥቶ ያረፈው ውሃው ስላነሰ ነው፤ የዩጋንዳ ባቡር አኮቦ ያልደረሰው ገንዘቡ ስላልተገኘ ነው፤ የወርቁ መኪና የሚያርፈውም ጭቃው ሲበረታ ብቻ ነው። ተፈጥሮ ስታቆማቸው ቆሙ እንጂ፣ ሰው እስከዚህ ይበቃል ብሎ አላቆማቸውም። አሁን ግን ጭቃውን የሚያሸንፍ አስፋልት፣ ወንዙን የሚሻገር ድልድይ እየተሠራ ነው፤ በር ጠባቂው ጫካ ብቻውን ሊጠብቅ የሚችልበት ዘመን አልፏል።

ስለዚህ በዲማ ወይም በጎደሬ ሌላ የኪራይ ውል የሚፈርም ሹም፣ ሌላ የማዕድን ካርታ የሚያትም መሐንዲስ፣ የጥንቱን ሽማግሌ ጥያቄ ከፊርማው አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ እንዲያሰፍረው እመክራለሁ። በሬው በየት እንደሚገባ ብቻ ሳይሆን፣ ሲገባ በማን መንደር፣ በማን የቀፎ ዛፍ፣ በየትኛው ወንዝ ዳር እንደሚያልፍ፣ ከየት ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ሰው በእግሩ እንደሚሄድ፣ የኪራዩ ዘመን ሲያልቅም መንገዱ ምን እንደሚሆን አብሮ ይጻፍ። የምኒልክ ውል ለጋምቤላ ጣቢያ ማብቂያ እንደ ሰጠ፣ የዛሬውም ውል ለመንገዱ ማብቂያ ቢሰጠው፣ አባቶች ያላሰቡትን አዲስ ነገር አልጨመረም፤ በ1894 ዓ.ም. ለመሬቱ የተጻፈውን አንድ መሥመር፣ ለመግቢያው ደግሞ ጻፈው እንጂ።